ያልተቀመሰው ዳቦ

ጾመ ፍልሰታ ከተፈታ ወዲህ የመጀመሪያው እሁድ ነበር። በዚያ በስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ክረምት፣ ፊቱን አዙሮ የከረመው ሰማይ ከራያ ቆላ ጋር ታርቆ፣ ከቆቦ በስተ ምዕራብ የተደረደሩት ተራሮች ከማለዳ ጀምሮ ጥቁር ደመና ደርበው ያጉረመርሙ ነበር። ተናኜ ከቅዳሴ ተመልሳ ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ በአባቷ ቤት መስኮት አጠገብ ቆማለች። ዐይኖቿ ከአጥሩ በር አልተነሡም። ከሩቅ ልጃገረዶች ለፍልሰታ በዓል የሚጫወቱት የሶለል ጨዋታ እየመጣ ይሄዳል፤ ከበሮው ቀረብ ሲል እርሷ ትደነግጣለች፣ ራቅ ሲልም ትደነግጣለች።

ልቧን ይዛት ያደረችው ትናንት እጇ የገባች አጭር ደብዳቤ ናት።

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ» ይላል ካሳው፣ ፊደሉን እንደ ድጓ ጸሐፊ እየለቀመ። «ሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ተሳፍሬ፣ በአዲስ አበባ በኩል ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ ተመደብሁባት ወደ አርባ ምንጭ እወርዳለሁ። አባትሽ እሺ ካሉ ዓመቱን እንደ አንድ ሌሊት አሳልፈዋለሁ። እንቢ ካሉ ግን ዳግመኛ ስምሽን አላነሣም። ይህን የምለው እርሳቸውን ፈርቼ አይደለም፤ በአባትሽና በእኔ መካከል ተሰንጥቀሽ ማየት ስለማልችል ነው።»

ተናኜ የደብዳቤው እጥፋት እስኪሳሳ ድረስ አነበበችው። በእያንዳንዱ ንባብ «እሺ ካሉ» የሚለው ቃል እያነሰ፣ «እንቢ ካሉ» የሚለው እየገዘፈ ታያት።

የተዋወቁት በአዲስ አበባ፣ በዩኒቨርሲቲው የአፍሪካ ታሪክ ትምህርት ላይ ነበር። መምህሩ ሰፊውን ካርታ ሰቅለው፣ «እነዚህ የአገር ድንበሮች እንዲህ ቀጥ ብለው የተሰመሩት ለምን ይመስላችኋል?» ብለው ሲጠይቁ፣ ከአጠገቧ የተቀመጠው የማታውቀው ወጣት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ድንጋይና ገደሉን ሳያይ የተለመ ገበሬ ሥራ ነው» አለ። ተናኜ ሳቋ አመለጣት።

«ወይዘሪት፣ የሚያስቀውን ለሁላችን ቢያካፍሉን?» አሉ መምህሩ።

ወጣቱ ብድግ ብሎ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጌታዬ፤ እርሷ የሳቀችው በእኔ ድንቁርና ነው» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ አትላስ ለሁለት ይዘው የናይጄርን ወንዝ አብረው ወረዱ፣ የማሊን ነገሥታት አብረው ቆጠሩ። ቆቦ የሁለቱም አገር መሆኗን ባወቀች ጊዜ እንዴት ደስ እንዳላት!

«የማን ልጅ ነህ ታዲያ?»

«የገበሬ ልጅ ነኝ» አለና ገጹን ገለጠ።

የማን እንደ ሆነ ያወቀችው ድርቁ ከጠና በኋላ ነው። ተማሪዎቹ በፈቃዳቸው ተፈናቃዮችን ለመርዳት በየአገሩ ሲበተኑ፣ እርሷም ከሆርማት ወንዝ ማዶ ወደ ተተከለው መጠለያ መጣች። በመጀመሪያው ቀን ካሳው አንዲት ከሲታ ሴት ደግፎ ወደ ድንኳኑ ሲያስገባ አየችው። ሴትየዋ ቀና ብለው ተናኜን አዩና እንደ ምንም ጎንበስ ብለው ጉልበቷን ሳሙ። «የጌታዬ ልጅ! የግራዝማች አራጌ ልጅ! እኔ ልሙትልሽ!»

ሴትየዋ እናቱ ነበሩ። ባለፈው ዓመት የሞተው አባቱ አያ ደባሽ የአባቷን መሬት ሲያርስ የኖረ ጭሰኛ ነበር። ካሳው ፊቱን ወደ ድንኳኑ አዞረ፤ ተናኜም መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት ወደደች።

ብዙ ቀን ሳይነጋገሩ አለፉ። እርሷ «ንቆኝ ነው የደበቀኝ» ትላለች፤ እርሱ «አፍራብኝ ነው የራቀችኝ» ይላል። የፋፋ ገንፎ የሚበስልበትን በርሜል ከግራና ከቀኝ ይዘው ሲያማስሉ እንኳ የሚተያዩት በእንፋሎቱ መካከል ነበር። አንድ ጠዋት እርሷ አልቻለችም።

«ለምን ደበቅኸኝ?»

ካሳው ማማሰያውን አቆመ። «አትላሱን ዘግተሽ ትነሻለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«እኔ እንዲያ ያለች መሰልሁህ?»

«አንቺንስ አልፈራሁም ነበር። እናቴ ጉልበትሽን የምትስምበትን ቀን ነው የፈራሁት። መጣ።»

ተናኜ ማማሰያዋን አኖረች። የገንፎውን የመጀመሪያ ጣሳ ቀዳችና ወደ እናቱ ድንኳን ሄደች። ጣሳውን አስቀምጣ ተንበርክካ የእናቱን ጉልበት ሳመች። «ኧረ በማርያም! ኧረ ተነሺ፣ ልጄ!» እያሉ ሲጮኹ፣ «ዛሬ ተራው የእኔ ነው፣ እማማ» አለቻቸው። ካሳው ከደጅ ቆሞ ነበር። የዚያን ጊዜ የተያዩት መተያየት ግን እንፋሎት አልጋረደውም።

ከዚያ በኋላ መጠለያው ሌላ ሆነ። ወላጆቻቸውን ያጡ፣ ከወረፋ ወደ ወረፋ እየሄዱ ቀኑን የሚገፉ ብዙ ወጣቶች ነበሩ። ካሳው በወንዙ ዳር በአሸዋው ላይ አፍሪካን በእንጨት ሣለላቸው፤ ተናኜ ለእያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ አገር ሰጠች፤ አገሩን የተቀበለ ሁሉ የአገሩን ወንዝና ታሪክ አጥንቶ መናገር ግዴታው ሆነ። ውሎ አድሮ የአገሮቹ ስም የልጆቹ ስም ሆነ። «ጋና፣ ውሃው ሳያልቅ ቅጂ እንጂ!» «ዛምቢያ፣ እንጨቱን ማን ይፈልጠዋል?» ሲባል ይውላል። ተናኜ በዩኒቨርሲቲው አፍሪካን በካርታ ቀለም ለይታ ታውቃት ነበር። በዚህ ግን አፍሪካ ያስላታል፣ ትጣላለች፣ ከሁሉም በላይ ትስቃለች።

እነዚህ ልጆች ናቸው የፍቅራቸውን ነገር ከእነርሱ ከሁለቱ በፊት ያወቁት።

ባለፈው ሳምንት ተናኜ በአባቷ ፊት ቆማ ካሳውን በስሙ ጠርታ ነበር። ግራዝማች አራጌ ጋቢያቸውን ሰብስበው ሰሟት።

«የእኔ ጭሰኛ የነበረው የደባሽ ልጅ?»

«አዎን፣ አባዬ።»

«እኔ ሰውን በድህነቱ አልንቅም፣ ልጄ። ግን ረሃብ ያየ ሰው ወጉ ይጠፋል። በየመንገዱ አይቼዋለሁ፤ ዓመት ሙሉ እጁን ዘርግቶ የከረመ ሰው በሰው ደጅ እንደ ሽማግሌ መቆም አይሆንለትም። አጎቶቹ ወደ ሁመራ ተበትነዋል። ማንን ይልካል?» ጥቂት አሰቡ። «ወግ የሚያውቁ ሽማግሎች ደጄ ላይ ካቆመ እሰማዋለሁ። ካላቆመ ከደሴ ለጠየቀሽ ሰው ቃሌን እሰጣለሁ።»

ተናኜ ያን ሁሉ እያሰበች ሳለ ውሻው ጮኸ።

በሩ ተከፈተና ገቡ። በፊት በትራቸውን ይዘው የሚራመዱት ሸህ አብዱሰመድ ነበሩ፤ ከሮቢት በታች ካለ መንደር ከብቶቻቸውን ሁሉ ያጡ፣ በመጠለያው ውስጥ ጠብ በተነሣ ቁጥር የሚጠሩ አዛውንት። ከኋላቸው አገር ከተሰጣቸው ልጆች ቁመተ ረጅሙ አሊ፣ ከማሉዲን፣ ሌሎችም፣ በመጨረሻም ትንሿ ዚነት ተከተሉ። ልብሳቸው ታጥቧል፤ ሁሉም በትር ይዘዋል፤ የዚነት በትር ግን የድንኳን ካስማ ነበር። መልካም! ነገር ግን ከግቢው መካከል በደረሱ ጊዜ፣ ሽማግሌ እንደሚቆመው ጎን ለጎን መቆሙን ረሱና፣ ዓመት ሙሉ በለመዱት ልማድ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰለፉ። የራሽን ወረፋ ሠሩ!

ተናኜ ዐይኗን ጨፈነች። «ወይኔ!» አለች በሹክሹክታ፤ «ጎን ለጎን፣ ጎን ለጎን ቁሙ እንጂ!»

ከበረንዳው የተቀመጡት ግራዝማች አራጌ ሰልፉን አይተው በርኅራኄ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደመቀች!» ብለው ሚስታቸውን ተጣሩ፤ «የመጠለያዎቹ ናቸው። ዓመት በዓሉ ነው፣ ዳቦው ይቆረስላቸው!»

ወይዘሮ ደመቀች ትኩሱን ድፎ ዳቦ በሰፌድ ቆርሰው ወጡ። የዳቦው ሽታ ግቢውን ሞላው። ሰፌዱን ወደ አሊ አቀረቡ፤ አሊ እጁን ወደ ኋላው ወሰደ። ወደ ከማሉዲን አቀረቡ፤ ከማሉዲንም እጁን ወደ ኋላው ወሰደ። እንዲህ እያለ ሰፌዱ ሰልፉን ጨርሶ ከዚነት ደረሰ። ዚነት ምራቋን ስትውጥ ከመስኮቱ ድረስ ታየ፤ እርሷም ግን ካስማዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ሰማይ አንጋጠጠች።

«ምነው? ውሰዱ እንጂ፣ አትፈሩ» አሉ ግራዝማች።

«አላህ ይስጥልን፣ ግራዝማች» አሉ ሸህ አብዱሰመድ። «ዛሬ ግን አንቀምስም። ደጅዎን ብለን የመጣን ሽማግሎች ነን። ቃላችን ሳይሰማ የቤትዎን እህል በአፋችን አናደርግም።»

«ሽማግሎች?» ግራዝማች ከወንበራቸው ጫፍ ድረስ ተሳቡ። ዐይናቸው ከሸሁ ወደ ልጆቹ፣ ከልጆቹ ወደ ዚነት ሄደ። «ይህቺም ሽማግሌ ናት? ከወዴት ነሽ አንቺ?»

«ከጋና!» አለች ዚነት፤ ወዲያው አፏን ያዘች።

«ከየት?»

«ዝም በይ፣ አንቺ ልጅ!» አለ አሊ ከፊት።

«አንተስ ከወዴት ነህ?»

አሊ ደነገጠ። ሲደነግጥም እግሮቹን ገጥሞ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ በክፍል ውስጥ እንደሚጠየቅ ተማሪ ጮኾ መለሰ። «ዛምቢያ! ማዕድኗ መዳብ!»

ወይዘሮ ደመቀች ሰፌዱን እንደ ያዙ ፊታቸውን አዞሩ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። የግራዝማች ጢም ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ይሁን ቁጣ አልለየም።

«ሸሁ፣ ምን ዓይነት ሰዎች ነው ይዘውብኝ የመጡት?»

«የካሳውን ዘመዶች ነው ይዤ የመጣሁ» አሉ ሸሁ በዝግታ። «እነዚህን ልጆች የማን ዘር ናችሁ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። አባቱን የቀበረ አለ፤ ወንድሙ የት እንደ ገባ የማያውቅ አለ። የሚቆጥሩት አጥተው አቀረቀሩ። የአያ ደባሽ ልጅና የእርስዎ ልጅ መጡና ለእያንዳንዱ አገር ሰጡት። ቀልድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ልጆቹ ከዚያን ቀን ወዲህ ቀና ብለው ይሄዳሉ። እና ካሳው የሚልከው ዘመድ ሲያጣ ጊዜ፣ እኛ ነን ዘመዶችህ ብለን ተነሣን። ልጅዎን ለልጃችን እንለምናለን፣ ግራዝማች።»

ተናኜ የመስኮቱን ጠርዝ ጨበጠች።

ግራዝማች ወደ ሰፌዱ ተመለከቱ። ዳቦው እንዳለ ነው። «ዛሬ ራሽን ወስዳችኋል?»

«እሁድ እሁድ ራሽን የለም፣ ጌታዬ» አለ ከማሉዲን።

«እና ከትናንት ወዲህ አልበላችሁም?»

ከማሉዲን በትሩን አጥብቆ ያዘ።

«እንግዲያ ለምን አትበሉም? ቃላችሁን ከበላችሁም በኋላ እሰማዋለሁ እኮ!»

«አይ፣ ጌታዬ!» አለች ዚነት፤ ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረ። «ከበላንማ ለማኞች እንሆናለን። ለማኝ ደግሞ ለጋሼ ካሳው ሚስት አያመጣለትም።»

ተናኜ ከመስኮቱ ሆና የአባቷን ጀርባ ብቻ ታያለች። ባለፈው ሳምንት የተናገሩት ቃል እርሷ ጆሮ ውስጥ እንደሚደወለው ሁሉ በእርሳቸውም ጆሮ ይደወል እንደ ሆነ አላወቀችም። ብቻ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ሲንሸራተት ሳያነሡት ተነሡ። የበረንዳውን ደረጃ ወረዱ። ለእንግዳ አንድም ቀን ያልወረዱት ደረጃ ነበር። በሰልፉ ፊት ቆመው የሸህ አብዱሰመድን እጅ ያዙ።

«በድያችኋለሁ» አሉ። «ሽማግሌ ሆናችሁ ስትመጡ ተመጽዋች አልኋችሁ። ግቡ። ተቀመጡ።» ወደ ዚነትም ዘወር ብለው፣ «አንቺም ግቢ፣ የጋና እመቤት። ካስማሽን ግን ከደጅ አስቀምጪልኝ፤ ቤቴን የምትነቅዪ ይመስላል» አሉ።

የዓመት በዓሉ ምንጣፍ በበረንዳው ላይ ተነጠፈ። ልጆቹ እግራቸውን አጥፈው፣ እስትንፋሳቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ሸሁ ልመናውን እንደ ወጉ እንደገና ተናገሩ፤ ግራዝማችም እንደ ወጉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እንግዲህ ዘመድ አዝማድ አማክሬ ቀን እቆርጥላችኋለሁ...» ብለው ጀመሩ።

«መኪናው ነገ ነው!» አለች ዚነት።

«አቦ፣ ይህችን ልጅ አፏን ያዙልኝ!» አሉ ሸሁ። ግን ሳቁ ከወይዘሮ ደመቀች ጀምሮ በምንጣፉ ዙሪያ ሄዶ ግራዝማች ዘንድ ሲደርስ፣ እርሳቸውም ልባቸውን ከፍተው ሳቁ። ከሳቃቸው ሲመለሱ ድምፃቸው ሌላ ነበር።

«ተናኜ!»

ወደ በረንዳው ወጣች። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ፣ ዐይኗን ከምንጣፉ ላይ ጥላ በአባቷ ፊት ቆመች።

«እነዚህ ሰዎች ሳይቀምሱ ተቀምጠዋል» አሉ አባቷ በለሆሳስ። «ይቅመሱ ወይስ ይመለሱ? ቃሌ አንቺ እንደምታደርጊው ነው።»

በዚያ ቤት፣ በዚያ አገርም፣ ሽማግሌ በተቀመጠበት ልጅቷን የጠየቀ አባት ተሰምቶ አይታወቅም። ተናኜ ከእናቷ እጅ ሰፌዱን ተቀበለችና በሸህ አብዱሰመድ ፊት ተንበረከከች።

«ይቅመሱልኝ፣ አባቴ።»

ሸሁ ግራዝማችን አዩ። ግራዝማች ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ቢስሚላህ» አሉ ሸሁና ቆረሱ።

የወይዘሮ ደመቀች እልልታ የሜዳውን የሶለል ከበሮ አስናቀው። ልጆቹ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፤ በዚህ ጊዜ ግን ስለ ወሰደ ያቀረቀረ አልነበረም። ሸሁ ዳቦውን በእጃቸው እንደ ያዙ መረቁ፤ «አሚን» እና «አሜን» ተደባልቆ ሦስት ጊዜ ወደ ሰማይ ወጣ። ተናኜም በዚያች ቅጽበት ያለቀሰችው እንባ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያጠራቀመችው ደስታ ሁሉ መሰላት።

«አሁን ለጋሼ ካሳው ማን ይነግረዋል?» አለ አሊ አፉን ሞልቶ።

ይህን እንዳለ ምድሩ ማጓራት ጀመረ። ከተራራው የጣለው ዝናብ ሆርማትን ሞልቶ መጣ! «ጎርፍ! ጎርፍ!» የሚል ድምፅ ከከተማው ዳር ተሰማ፤ ገበሬዎች ውሃውን ወደ ማሽላቸው ለመጥለፍ አካፋና መቆፈሪያ ይዘው ሮጡ። ልጆቹም ዳቧቸውን እንደ ያዙ ሮጡ። ተናኜ አባቷን አየች። «ሂጂ» አሉ፤ «ዳሩን ግን እንዳትረግጪ፣ ይናዳል።»

ጠዋት ልጆቹ በደረቅ አሸዋ የተሻገሩበት ወንዝ አሁን ከዳር እስከ ዳር ቀይ ጎርፍ ነው። ከወዲያ ማዶ፣ ብቻውን፣ ካሳው ቆሟል። ሽማግሌ የላከ ሰው እንደ ደንቡ ከደጅ ስለማይቀርብ፣ ከማለዳ ጀምሮ ከዚያው ነቅነቅ አላለም። ልጆቹን ሲያይ እስከ ውሃው ጫፍ ወረደ። እጆቹን ወደ ሁለቱም ጎን ዘርግቶ ጠየቀ፤ ምን አሉ?

«እሺ አሉ! እሺ አሉ!» ብለው ጮኹ ሁሉም በአንድነት። ጎርፉ ድምፃቸውን ጠራርጎ ይዞት ሄደ። ካሳው እጁን ከጆሮው ላይ አደረገ። እንደገና ጮኹ። ራሱን ነቀነቀ፤ አልሰማም። ሩጫቸውንና ጩኸታቸውን ብቻ አይቶ ክፉ ወሬ መስሎት ይሆናል፣ ትከሻው ወረደ፤ ቀስ ብሎም ዞረ።

«ኧረ ሊሄድ ነው!» አለ ከማሉዲን።

ያን ጊዜ ዚነት ከሁሉ ቀድማ ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ወጣች። የቀራትን ዳቦ በሁለት እጇ ወደ ላይ አነሣችና፣ እንደገና ዘወር ብሎ እስኪያያት ጠብቃ፣ በረጅሙ ገመጠች። አሊም ከጎኗ ቆሞ ገመጠ። ከማሉዲንም። ሁሉም በወንዙ ዳር ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ ሽማግሌ እንደሚቆመው ጎን ለጎን፣ ዳቧቸውን ከፍ እያደረጉ በሉ።

ካሳው ባለበት ቆመ። ቃላቸው ሳይሰማ እንደማይቀምሱ ያውቃል፤ እሺ ሳይባሉ እንደማይበሉም ያውቃል። በአሸዋው ላይ ቁጭ አለ። ሁለት እጁን በፊቱ ላይ አደረገ። ብዙ ቆይቶ ቀና ሲል ከልጆቹ መካከል ተናኜን አያት፤ ነጠላዋን ንፋሱ ከራሷ ገፎታል።

እርሷም ከሰፌዱ ያስቀረቻትን ቁራሽ ከፍ አድርጋ አሳየችው። ከዚያ ዐይኗን ከዐይኑ ሳትነቅል በላቻት። በሕይወቷ ብዙ ዳቦ በልታለች፤ ጣዕሙን ያወቀችው ግን ያን ቀን መሰላት።

አንድ ገበሬ አካፋውን ተሸክሞ ሲያልፍ፣ «ከቀትር በኋላ ይጎድላል፣ እታለም፤ ያኔ ትሻገሪያለሽ» አላት። ተናኜ ፈገግ አለች። አልቸኮለችም። በመካከላቸው የሚያልፈው ውሃ ከታች ወዳለው የማሽላ እርሻ እየገባ ነበር፤ ከወዲያ ማዶ የተነሣው የካሳው ሳቅ ደግሞ፣ ጎርፉ እያጓራ እንኳ፣ እርሷ ጆሮ ውስጥ ጥርት ብሎ ይሰማት ነበር።